የእርግብ ኩስ፣ የሌሊት ወፍ እና የትምህርት ቤታችን ስቶር፦ አፈሩ እውነት ያሳምማል?

ዳሞት_መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደምበጫ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት የተዘጋ ስቶር አለ። ቆርቆሮው ተቀዶ እርግብ ገብቶበታል፤ ኮርኒሱ ላይ ደግሞ የሌሊት ወፍ ሰፍሯል። ወለሉ አፈር ነው። ኩሱ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ጠቁሯል። ከስቶሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ሲመሽ ወፍ ይሞላበታል።

ወተመህ ክፍሉን ለቤተ መጻሕፍት ፈልጎት ለቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ጠርቷል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች መጥረጊያ ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። አንድ ባልደረባችን ግን ቴሌግራም ላይ "ወፍ ያለበት አፈር ሳንባ የሚበላ ፈንገስ አለው" የሚል አንብቦ፣ ዋርካው ይቆረጥ፣ እርግቦቹም ይገደሉ እያለ ነው። ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ፈርቷል። እውነት ነው ወይ? ልጆቹን ላስገባ ወይስ ልከልክል?

የጮቄ_ብርድ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:22

ኧረ ተው መምህር! እኛ እኮ ያደግነው ዶሮ አናታችን ላይ ሰፍራ፣ በግ እግራችን ስር ተኝቶ ነው። የትኛው ሳንባችን ተበላ? ቴሌግራም ያልገደለው ነገር የለም። ዘንድሮ ወፍ ሆነ ተረኛው?

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

መምህር፣ እባክህ ልጆቹን አታስገባ። ቴሌግራሙ አጋንኖታል እንጂ ነገሩ ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ትንሽ ላስረዳ።

ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ አለ። ቤቱ አፈር ነው። የወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ የተጠራቀመበት፣ እርጥበትና ጥላ ያለው አፈር ሲያገኝ በደንብ ይራባል፤ ኩሱ ማዳበሪያው ነው። አፈሩ ውስጥ ሳለ እንደ ሻጋታ ክር እየዘረጋ ያድጋል፣ ጥቃቅን ዘሮችም ያፈራል። አንዷ ዘር ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ብትሆን ነው። ዓይን አያያትም፣ የአፍንጫ ፀጉርም አያስቀራትም። ሰው ሲጠርግ ወይም ሲቆፍር ከአቧራው ጋር ትነሳና ሳንባ ድረስ ትገባለች። እዚያ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሲሆንባት መልኳን ቀይራ እንደ እርሾ መባዛት ትጀምራለች።

አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፍለታል። የጮቄ ወንድማችን "የትኛው ሳንባችን ተበላ" ያለው ከዚህ አንጻር አይፈረድበትም። ችግሩ ብዙ አቧራ በአንድ ጊዜ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲሳብ ነው። ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ራስ ምታትና ድካም ይመጣል።

ስለ ትምህርት ቤት ዘመቻ ስላነሳህ አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ደላዌር በምትባል ከተማ የመጀመሪያው የመሬት ቀን ሲከበር አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ግቢ አስጠረገ። ግቢው ውስጥ ወፎች ሲያድሩበት የኖሩበት ቦታ ነበር። አቧራው ተነስቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ክፍሎቹ ገባ። ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ 384 ተማሪና ሠራተኛ ታመመ። መጥረጊያ ያልነኩትም ጭምር። ያንተ ቅዳሜ እኮ ቁርጥ እሱን ነው።

የጮቄ_ብርድ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:18

እሺ፣ አሜሪካ ነው። የእኛ ወፍና የእነሱ ወፍ አንድ ነው እንዴ?

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:31

ወፉ ይለያይ፣ ፈንገሱ ግን አፍሪካም አለ። እንዲያውም እዚሁ አህጉር ላይ ሌላ ዓይነቱ ይገኛል፤ እሱ ከሳንባ ይልቅ ቆዳ፣ አጥንትና ንፍፊት ላይ ይወጣል። ብርዱን በተመለከተ ግን አንድ ነጥብ አለህ። ፈንገሱ ሞቅ ያለ እርጥብ ቦታ ይመርጣል፤ ከ22 እስከ 29 ዲግሪ ይስማማዋል። ጮቄ አናት ላይ አይመቸውም። ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ አባይ በረሃ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ባሕር ዳር ወፍ የሚያዩ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። እርግቦቹ ይገደሉ፣ ዋርካው ይቆረጥ የሚለውን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በሂስቶፕላዝማ ወፍ አይታመምም። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሆነ ፈንገሱ አይችለውም። በትኩስ ኩሱም አይወጣም። ወፍ የሚያደርገው አፈሩን ማዳበር ብቻ ነው። ምናልባት በእግሩና በላባው ትንሽ ይዞ ይሄድ ይሆናል። የሌሊት ወፍ ግን ይለያል፤ እሱ ራሱ ይያዛል፣ በኩሱም ያወጣዋል። ስለዚህ እርግብ ገድሎ አፈሩን መተው ከንቱ ድካም ነው። ወፎቹ ከሄዱ ከዓመታት በኋላ እንኳ ፈንገሱ እዚያው አፈር ውስጥ ይኖራል።

ዋርካውን ስትቆርጡት ደግሞ ምን ይሆናል? ግንዱ ሲወድቅ ከስሩ ያለው አቧራ ሁሉ ይነሳል። አሜሪካኖቹም የወፍ ማደሪያ ዛፍ እየመነጠሩ፣ ቦታውን በዶዘር እየጠረጉ ነው ብዙ ሰው ያሳመሙት። እርግጥ አንድ ዛፍ ላይ ወፍ ትናንት ስላረፈ አፈሩ አይበከልም፤ ብዙ ወፍ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ከ3 ዓመት በላይ፣ እዚያው ሲያድር ነው ኩሱ ተደራርቦ ፈንገሱን የሚያኖረው።

እዚህ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ አለ፣ ሳቢሳ አለ፣ ፔሊካን አለ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው አንዱ በእነሱ ምክንያት ነው። ጥንብ አንሳው ሁሉ እየጠፋ ባለበት ዘመን በቴሌግራም ወሬ ወፍ መግደል ነውር ነው። ጥንብ የሚያነሳልን ማን ሊሆን ነው?

ዲያቆን_ከቢቡኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:15

እግዚአብሔር ይስጥልን ጣና ዳር። እኛ ጋ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ባይኖር ወፍ የሚባል ነገር አናይም ነበር፤ ዙሪያው እርሻ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አሮጌው ዕቃ ቤት ጠፈሩ ላይ የሌሊት ወፍ ሞልቷል። በየዓመቱ ለንግሥ ሲባል የአብነት ተማሪዎች ወጥተው ይጠርጉታል። አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ይበቃል?

ጣና_ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:50

አይበቃም ዲያቆን። ነጠላ ትልቁን አቧራ ይይዛል፤ ትንሹ ያልፋል። የሌሊት ወፍ ነገር እንደ ቀልድ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2011 የባዮሎጂ ተማሪዎች ኡጋንዳ ጫካ ውስጥ ሆዱ ቦዶ የሆነ፣ የሌሊት ወፍ ያለበት ትልቅ ዛፍ ያያሉ። ተራ በተራ ውስጡ ገብተው ተመለከቱ። ከ24ቱ 13ቱ ታመሙ፤ እየቆፈሩ አልነበረም፣ እየጠረጉም አልነበረም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሌላ በሽታ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይዤ ዋርካ ቦዶ ውስጥ አልገባም። "ፎቶ ላንሳ" ቢሉኝም ከውጭ ነው።

የጋሪ_ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 6:20

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው፤ ግን ፈንገስ ስትሉ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ፍኖተ ሰላም ጋሪ ነበራቸው። ፈረሶቹ እግራቸውና ደረታቸው ላይ በመስመር እየተቋጠረ የሚፈርጥ መግል ይወጣባቸዋል። አንዴ ከያዘው ፈረሱ ይከሳል፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ይጣላል። አንድ የእንስሳት ሐኪም "ይሄ የአፈር ፈንገስ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። የወፉ ነው እንዴ?

የከብት_ሐኪም_ዳንግላ | ረቡዕ፣ ማታ 1:05

ከርዕሱ አልወጣህም የጋሪ ልጅ። እንዲያውም ለእኛ አገር ዋናው ታሪክ ያንተ ነው።

የፈረሱ በሽታ መንስኤ የዚያው የሂስቶፕላዝማ የቅርብ ዘመድ ነው። እሱም አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ፈረሱ የሚገባው ግን በብዛት በቁስል ነው። የጋሪው እንጨትና ማሰሪያ ይልጠዋል፣ በተላጠው ላይ አፈርና ዝንብ ያርፍበታል። ስለዚህ ከወፍ ጋር አታገናኘው። ኢትዮጵያ ውስጥ 28 ከተሞች ላይ ከ19 ሺ በላይ የጋሪ ፈረሶች ታይተው እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ከመቶ 19 የሚጠጉት ይህ በሽታ ነበረባቸው። ሞቃትና እርጥብ በሆነው ወይና ደጋ ላይ ይበዛል፤ ብርዳማው ደጋ ላይ ይቀንሳል። ላብራቶሪ ማርቆስ ስለ ሙቀቱ ያለው እዚህም ይሠራል።

ሕክምናውን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቡጉሩ ገና ሁለት ሦስት ሳለ ብታመጡት በአዮዳይድ የምናተርፈው አለ። መላ ሰውነቱን ከወረሰው በኋላ ግን መድኃኒቱ ከፈረሱ ዋጋ ይበልጣል። የእኛ የአዊ ሰው ለፈረስ ያለውን ፍቅር ታውቃላችሁ። ያው ፈረስ ሲታመም ግን "ዓይን በላው" ተብሎ ጠበል ይወሰድና ሦስት ወር ቆይቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ጠበሉን አልቃወምም፤ ቁስሉን ማጠብ፣ ማሰሪያውን ማለስለስ፣ የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋስ ግን አብሮ ይሁን ነው የምለው።

እትዬ_ዶሮ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

እኔ ቡሬ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ፤ ኑሮዬ እነሱ ናቸው። ይሄን ሳነብ ልቤ ሊቆም ነው ልጆቼ! ቤታቸውን በየጊዜው እጠርጋለሁ። ኩሱን ጎረቤት ለጎመን ማዳበሪያ ይወስደዋል። ልሽጣቸው?

የከብት_ሐኪም_ዳንግላ | ረቡዕ፣ ማታ 2:55

አይሽጧቸው እትዬ! የዶሮ ኩስ ትኩስ ሲሆን ሂስቶፕላዝማ የለበትም። በየጊዜው የሚጠረግ፣ ሰጋቱራው የሚቀየር ቤትም ለፈንገሱ አይመቸውም። የሚያስፈራው ዶሮ ለዓመታት የኖረበት የአፈር ወለል ነው። በተለይ ዶሮዎቹ አልቀው ቤቱ ተትቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሰው ሊያርሰው ወይም ሊያፈርሰው ሲገባ። ይህ ፈንገስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፈር ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ከዚያም ወዲህ አሮጌ የዶሮ ቤት አፈር ውስጥ ስንት ጊዜ ተገኝቷል።

እርስዎ የሚያደርጉት፦ ከመጥረግዎ በፊት ውኃ ይርጩበት፣ አቧራው ይብረድ። አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ኩሱን ከጓሮ ከምረው ያብስሉት፣ ከዚያ ለጎመኑ ይሁን። ለጫጩቶችዎ ግን የሻገተ ገለባ በፍጹም አያንጥፉላቸው። እሱ ሌላ ፈንገስ ነው፣ አስፐርጂለስ ይባላል፤ ጫጩት ሳንባው ተይዞ አፉን ከፍቶ እየተነፈሰ ይሞታል። "ንፋስ መታቸው" የሚባሉት ብዙዎቹ እሱ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

እትዬ_ዶሮ | ረቡዕ፣ ማታ 3:01

ተመስገን! እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ። ገለባውን ነገ አወጣዋለሁ።

ባሕር_ዛፍ_መራዊ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:10

እኔ ደግሞ ባሕር ዛፍም የራሱ ፈንገስ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሜጫ ሙሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ልጅ የምናስተምረው ከእሱ ነው። እሱንም ቁረጡ ሊሉን ነው?

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:45

ማንም ቁረጡ አይልህም። የሰማኸው ክሪፕቶኮከስ የሚባለውን ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንዱ፣ ጋቲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ ከቀይ ባሕር ዛፍ ጋር ተገኘ። በኋላ ግን በሌሎች ብዙ ዛፎች ላይም ታየ፤ ስለዚህ የባሕር ዛፍ ብቻ ኃጢአት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ኒዮፎርማንስ፣ ነው ለእኛ ሥራ የሚያበዛው። እሱ የሚወደው የእርግብ ኩስን ነው፤ በተለይ ደርቆ ፀሐይ የማይነካውን። ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ጫፍ፣ ደወል ቤት ውስጥ። የመምህር ስቶር ለሂስቶፕላዝማም ለዚህም ይመቻል ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል። የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ላይ ግን ከሳንባ ወደ አንጎል ሽፋን ይወጣና የማጅራት ገትር ያመጣል። ቀን በቀን የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ዓይን ብዥ ማለት፤ እንደ ሌላው ማጅራት ገትር በአንድ ሌሊት ላይጥል ይችላል፣ ለዚህም ነው ሰው ችላ የሚለው። ከጀርባ በሚወሰድ ፈሳሽና በደም ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አደገኛ ፈንገሶችን ሲዘረዝር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ካስቀመጣቸው አራቱ አንዱ ነው።

ስለዚህ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ፣ በተለይ መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ሲዲ ፎሩ (በደም ውስጥ ያለው የመከላከያ ሴል ቁጥር) የወረደ ሰው፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ጽዳት ውስጥ ጨርሶ አይግባ። ማንም ሰው ምክንያቱን እንዲናገር አይጠየቅ፤ "እኔ አልችልም" ካለ ይበቃል። መምህር፣ ይህን ለወተመህ ንገርልኝ።

የጮቄ_ብርድ | ሐሙስ፣ ቀን 7:00

እሺ ተረታሁ፣ ግማሽ በግማሽ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ገጠር ሰው አሮጌ ጎተራ አፍርሶ፣ በሳምንቱ ትኩሳትና ሳል ይዞት ቢሄድ ምን ይባላል? "ታይፎይድና ታይፈስ"። አልሻል ሲለው "ቲቢ"። ፈንገስ ብሎ የጠየቀ ሰምቼ አላውቅም።

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ማታ 1:30

ይሄ ከጻፍከው ሁሉ የበለጠው ነው ወንድሜ። በሽታው ከመጀመሪያውም ቲቢ እየመሰለ ነው የኖረው። ዳርሊንግ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ፓናማ ውስጥ፣ ቦዩ ሲቆፈር፣ የሞተ ሠራተኛ አስከሬን ሲመረምር በቲቢ የሞተ ነው የመሰለው። በአጉሊ መነጽር ሲያየው ሌላ ነገር ሆነ። እሱም ፈንገስ መሆኑን አላወቀም፤ ፈንገስነቱ የተረጋገጠው በኋላ በሌሎች ነው።

በራጅ ሲታይ ቲቢን ይመስላል። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ሳል፣ ሁሉም አለው። የቲቢ መድኃኒት ግን ፈንገስ አይገድልም። የራሱ መድኃኒት አለው፤ ኢትራኮናዞል፣ ሲጠናም አምፎቴሪሲን። ቀላሉ ያለ መድኃኒትም ይድናል። ከሰው ወደ ሰው በሳል አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመውን ማግለል አያስፈልግም።

ከሰው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሠራችሁትን ተናገሩ። "የወፍ ኩስ ያለበት ቤት ጠርጌ ነበር፣ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ገብቼ ነበር" በሉ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት ከየት ያምጣው? አክታው ሦስቴ ተመርምሮ ቲቢ ያልተገኘበት፣ መድኃኒቱም ያልረዳው ሰው ካለ ደግሞ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ ስለ ፈንገስ ይጠይቅ። ያለ ሐኪም ፋርማሲ ሄዶ የፈንገስ መድኃኒት መግዛት ግን አይሆንም፤ ጉበት ይጎዳል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ይጋጫል።

ዳሞት_መምህር | ሐሙስ፣ ማታ 3:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ለወተመህ አነበብኩላቸው። የልጆቹ ዘመቻ ቀርቷል፤ ልጆቹ ቅዳሜ ችግኝ ጣቢያው ላይ ይሠራሉ። ዋርካውም አይነካም። የስቶሩን ሥራ ሁለት ጎልማሶች ተከፍሏቸው ሊሠሩት ነው። እንዴት ይሥሩት? አፈሩንስ የት እንጣለው? አንዱ አባት "ለትምህርት ቤቱ ጓሮ ጥሩ ማዳበሪያ ነው" እያሉ ነው።

ጣና_ዳር | ሐሙስ፣ ማታ 3:48

መጀመሪያ የሌሊት ወፎቹ ይውጡ። ሲመሽ ወጥተው ሲያልቁ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ዝጉት፤ አንዱን ቀዳዳ ግን የቀሩት እንዲወጡ ለጥቂት ምሽት ተዉት። ግልገል ያለበት ወቅት ከሆነ ጠብቁ፤ እናቶቹ ውጭ ቀርተው ግልገሎቹ ውስጥ ይሞቱና ሽታው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እርግቦቹ ጎጆ ካላቸው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ታገሡ።

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ሐሙስ፣ ማታ 4:10

ሠራተኞቹ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ያድርጉ፤ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ አይበቃም። ጺም ካላቸው ማስኩ አይገጥምም፣ ይላጩ። ጓንት፣ ቦት ጫማና ከላይ የሚደረብ ልብስ ያስፈልጋል። በርና መስኮቱ ይከፈት፤ ነፋሱ ወደ ክፍሎቹ የሚነፍስ ከሆነ ግን ያን ቀን ይተዉት። በመርጫ ውኃ ቀስ አድርገው ያርጥቡት። ትንሽ ኦሞ ቢጨምሩበት ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በኃይለኛ የጎማ ውኃ አይምቱት፣ ያው አቧራ ያስነሳል። መጥረጊያ የሚባል ነገር አይግባ፤ እርጥቡን በአካፋ እያነሱ ወፍራም ጆንያ ውስጥ ያስገቡ፣ አፉን ይቋጥሩ። እያረጠቡ ያንሱ፣ እያረጠቡ ያንሱ። ሲጨርሱ ልብሱን እዚያው አውልቀው ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ለብሰውት ቤት አይሂዱ።

የአፈር ወለሉን ላዩን ካነሳችሁ በኋላ ሲሚንቶ ብታለብሱት ለቤተ መጻሕፍትም ይሻላል።

አባታችንን ደግሞ በአክብሮት፦ ይሄኛው ማዳበሪያ ይቅርባቸው። ልጆች የሚቆፍሩበት ጓሮ ላይ ከተበተነ ችግሩን ከስቶር ወደ ጎመን መደብ አዛወርነው ማለት ነው። ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ያለ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከነጆንያው ቅበሩት።

ዲያቆን_ከቢቡኝ | ዓርብ፣ ጠዋት 1:25

ይህንኑ ቀድቼ ለአለቃችን ልሰጥ ነው። ኤን 95ቱን ማርቆስ ማግኘት ይቻላል?

ላብራቶሪ_ማርቆስ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:02

ትልልቆቹ ፋርማሲዎች ጋ ጠይቅ ዲያቆን። ካልሆነም የቀለምና የኮንስትራክሽን ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች አቧራ መከላከያ ይዘው ይገኛሉ፤ ላዩ ላይ 95 የሚል ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የሚል እይበት። ለእያንዳንዱ ሰው ትርፍ አንድ ያዝ፤ ሲረጥብ ይቀየራል።